ከጀርባው የነበረው እሾህ

ሮጥኩ። ልጆቼ፣ ዛሬ ይህን ጉልበቴን እያያችሁ ሳቁ እንጂ ያን ቀን እንደ ተባረረ ጥንቸል ነው የሮጥኩት። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት የበሬ ቀንድ ጥሩንባ በየእርምጃው ደረቴን ይደልቀኛል፤ ጭቃው እስከ ጭኔ ይረጫል። ሚስቴ አልዲት ደጃፉ ላይ ቆማ "ካልደረስክባቸው ወደዚህ ቤት እንዳትመለስ" ያለችኝ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ከፊቴ፣ ወደ ሊንከን ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ አሥራ ሁለት የአገራችን ሰዎች አንድ ጎረቤታችንን ሊያሰቅሉ እየሄዱ ነበር። የሚያሰቅሉት በክፋት አይደለም። እኔ ዝም ስላልኩ ነው።

የሚሰቀለው ተርስታን ይባላል፤ ጣሪያ በገለባ የሚከድን ቤት ከዳኝ ነው። በመንደራችን በኤልምቢ የእሱ እጅ ያላረፈበት ጣሪያ የለም፤ የእኔንም ቤት የከደነልኝ እሱ ነው፣ እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አታስገባም። ከሰባት ወር በፊት ዋሪን የሚባለውን ሰው ችካል በሚመታበት የእንጨት መዶሻ ጭንቅላቱን ብሎ ገደለው። ገድያለሁ ብሏል፤ አልካደም። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ሲመታው ከጀርባው ምን ነበር?

ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ሰው ሊገድልህ ሲመጣ መጀመሪያ እግርህ ይሠራል። ሽሽ፤ ማፈር የለም። ግንብ ይሁን ወንዝ ወይም አጥር፣ ጀርባህን ይዞ አላሳልፍም እስኪልህ ሽሽ። ከዚያ ወዲያ እጅህ የሠራውን ንጉሡ ይምሩሃል። አንዲት ማምለጫ እያለችህ ከመታህ ግን ነፍሰ ገዳይ ነህ፤ የሚጠብቅህ ገመድ ነው። ልጆች እንኳ በእንጨት ሰይፍ ሲጫወቱ የተሸነፈው ሮጦ ቤት ይደገፍና "ግንብ ነካኝ! ግንብ ነካኝ!" ይላል፤ ያን ጊዜ መምታት ይፈቀድለታል።

ተርስታን የነካው ግንብ አልነበረም፤ እሾህ ነው። ያንን የሚያውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያን ጊዜ የመንደሩ መስክ ጠባቂ ነኝ። ጥሩንባው የሹመቴ ምልክት ነው፤ ከብት ሰብል ሲገባ እነፋዋለሁ፣ ሰው ሲገደል ወይም ሌባ ሲገባ ለኡኡታ እነፋዋለሁ። ከወንዙ ዳር ያለው ሣር መስክ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ለድርቆሽ ተዘግቶ ይከርማል። የአዲሱ ዳቦ በዓል ዕለት ግን ፀሐይ ስትወጣ የእሾህ መዝጊያውን አነሣለሁ። ሰው ከመጀመሪያው ስንዴ የጋገረውን ዳቦ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ዳቦው ተባርኮ ቅዳሴው ሲያልቅ የሀብታሙም የድሃውም ከብት እኩል ይነዳል። ማንም ማንንም አይቀድምም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም።

በአሥረኛው ዓመት አሳለፍኩ። ቡሬ የምላት ላም ነበረችኝ፤ ገና መውለዷ ነው፣ አጥንቷ ይቆጠራል። ጎህ ሲቀድ በታችኛው መሻገሪያ አዙሬ መስኩ ውስጥ አስገባኋት፤ መዝጊያውን እንደተዘጋ ተውኩት። ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ ብቻዋን ትጋጥ፣ ከዚያ እከፍታለሁ አልኩ። አንድ ሆድ ሣር። ይኸው ነው ኃጢአቴ፤ ብትሰፍሩት እፍኝ አይሞላም።

አኻያ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ላሜን እያየሁ ሳለ የዋሪንን ድምፅ ሰማሁ። "ጣሪያ ላይ እንደ ድመት ትወጣለህ፣ መሬት ላይ እንደ ዶሮ ትሮጣለህ" ይላል። "ቁም እንጂ፣ አንተ ድርቆሽ!"

የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል፤ ዋሪን ግን ድንበር ገፊ ነበር። ማሳው ከተርስታን ማሳ ጋር ይዋሰናል፣ ባረሰ ቁጥር አንድ ፈር ይቆርሳል፤ በሦስት ዓመት ሦስት ፈር። ተርስታን አንድ ቀን አፉን ከፍቶ አያውቅም። በዚያ በዓል ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድለት የድንበሩን ችካል ወደ ቦታው ሊመልስ መዶሻውን ይዞ ወረደ። ዋሪንም ገጀራውን ይዞ ወረደበት።

ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ወገን ወንዙ ነው፣ ያን ሰሞን ሞልቶ ይጋፋል። በሌላ ወገን ውሻ እንኳ የማያሳልፍ የእሾህ አጥር። በመሐል ጠባብ መንገድ አለ፤ መጨረሻው የእኔ መዝጊያ ነው። ተርስታን ፊቱን ወደ ዋሪን አድርጎ ወደ ኋላ እየተራመደ ይመጣል፤ ገጀራውን በመዶሻው ይመክታል፤ ግራ ክንዱ ደም በደም ሆኗል። አንዴ ብቻ አንገቱን ዞር አድርጎ ወደ መዝጊያው ተመለከተ። ክፍት መሆን የነበረበት መዝጊያ ተዘግቷል።

እኔ ከዚያ ሃያ እርምጃ አልርቅም። ካስማውን ነቅዬ መዝጊያውን ብገፋው ገብቶ መስኩን ሙሉ ይሮጥ ነበር፤ እሱ እግረ ቀላል ነው፣ ዋሪን ጠላ ጠጥቶ ከብዷል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ደግሞ፣ ከከፈትኩ ላሟ ትታያለች ብዬም አሰብኩ። እነዚህን ሁለት ሐሳቦች ሳመዛዝን የተርስታን ጀርባ እሾሁን ነካ። ዋሪን ገጀራውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣ። መዶሻው አንዴ ብቻ ወረደ፤ ድምፁ እርጥብ ግንድ ላይ እንደሚያርፍ መጥረቢያ ነበር።

ተርስታን አልሸሸም። የወደቀውን ሰው አየው፤ መዶሻውን ጣለና ባርኔጣውን አውልቆ ውሃ ሊቀዳለት ወደ ወንዙ ሮጠ። ያን ጊዜ ነው እኔ የተነሣሁት። ካስማውን ነቀልኩ፤ መዝጊያውን ጎትቼ እንደ ልማዴ አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። ክፍት መስክ ውስጥ የቆመች ላም ማን ይጠይቃታል? ከዚያ ጥሩንባዬን ነፋሁ፤ ኡኡታውን ያሰማሁት እኔ ነኝ። ሰው ዳቦውን እንደያዘ ከቤተ ክርስቲያን ጎርፎ መጣ። ተርስታን ከባርኔጣው ውሃ እየተንጠባጠበ ሲመለስ የተከፈተውን በር አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

የንጉሥ ሬሳ መርማሪ በሦስተኛው ቀን መጣ። ተርስታን፣ መዝጊያው ተዘግቶ ነበር አለ። ሰዉ ክፍቱን እያየ ጉድ አለ፤ አንዳንዱ ሳቀ። መርማሪው እኔን ጠየቀኝ። "በበዓሉ ቀን ሁልጊዜ እከፍታለሁ" አልኩት። አያችሁ? ዋሸሁ እንዳልል አድርጌ ዋሸሁ። ጸሐፊው "ክፍት" ብሎ ጻፈ፤ ስለ መንደሩ ቃል እንዲሰጡ የተመረጡት አሥራ ሁለት ሰዎችም ማኅተማቸውን አደረጉበት። ተርስታንን በሰንሰለት ወደ ሊንከን ወህኒ ወሰዱት፤ ሚስቱ ጉኒልድ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወለደችም፤ ልጁ አባቱን አላየም።

የብርዱን ወራት ሙሉ የገረመኝ አንድ ነገር ነበር፤ ለምን ስሜን አይጠራም? አላየኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስነፋ እንጂ ስከፍት አላየኝም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው የንጉሥ ኤድዋርድ ዳኞች ሊንከን ገቡ ተባለ። አሥራ ሁለቱ በማለዳ ተነሡ፤ መንገድ ከመግባታቸው በፊት ጠላ ከምትሸጠው ከሚስቴ ከአልዲት ጋ ሊቀምሱ ጎራ አሉ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ሰርሎ አለቃቸው ነው፤ ጢሙን እየጠራረገ፣ ተርስታን ያሳዝነኛል፣ ግን በዓሉ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ አገር ያወቀውን እኛ አንደብቅ አለና ወጡ።

አልዲት ጋኑን ከደነችና ወደ እኔ ዞረች። "ሃሞ" አለችኝ። "የበዓሉ ዕለት ማታ ቡሬ የሰጠችው ወተት እጥፍ ነበር።"

ተነሥቼ ጥሩንባዬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

"ቅዳሴ ሲወጣ የገባች ላም እጥፍ አትታለብም። ሰባት ወር ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ። ከእንግዲህ የምጠብቅበት ቀን የለኝም።"

እንግዲህ ሩጫው ከዚህ ተነሣ።

ወፍጮ ቤቱ ድልድይ ላይ ደረስኩባቸው። አፌ ተከፍቶ ቃል አልወጣ አለኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ። ሰርሎ፣ ምነው ሃሞ፣ የረሳነውን ዋንጫ ነው ያመጣህልን ብሎ ቀለደ። እኔ ትንፋሼ እስኪመለስ አልጠበቅሁም፤ ላሟን፣ መዝጊያውን፣ አኻያውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ከዚያ አንዱ ሳቀ። አንዱ ተፋብኝ። ሰርሎ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ክንዴን ይዞ ወደ ድልድዩ ጠርዝ ወሰደኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ነገሩ ገብቶህ ነው ወይ አለኝ። ለመርማሪው "ክፍት" ብለን አትመናል፤ ዛሬ "ዝግ" ብንል ዳኛው ውሸተኞች ይለናል፤ አሥራ ሁለት ቤት ይቀጣል። ለአንድ ሰው ብለህ አሥራ ሁለት ቤት ልታስቀጣ ነው?

"አያ ሰርሎ፣ ይሰቅሉታል እኮ" አልኩት።

"እኔ ነኝ የምሰቅለው?"

"እኔም አንተም ነን።"

እጁን ሲያነሣ አላየሁም፤ የሰማሁት ውሃው ሲቀበለኝ ነው። ወንዙ እዚያ ጋ ወገብ አይሞላም፤ ግን የየካቲት ውሃ ነው፣ አጥንት ይሰብራል። ብቅ ስል አሥራ ሁለቱ እየፈጠኑ ሲሄዱ አየኋቸው። ጥሩንባዬን ከውሃ አወጣሁ፤ ገልብጬ አራገፍኩት፤ እየተንቀጠቀጥኩ ተከተልኳቸው።

ሊንከን ስደርስ ቀትር አልፏል። ዳኞቹ የተቀመጡበት ግንብ ኮረብታው ላይ ነው፤ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ላይ ጦር የያዘ ዘበኛ አለ። የኤልምቢ ሰው ነኝ፣ ቃል አለኝ አልኩት። እርጥብ ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና፣ የኤልምቢ ቃል ገብቷል፣ አሥራ ሁለት ሆኖ ነው የገባው፣ አንተ ሄደህ ፀሐይ ሙቅ አለኝ። በእሱ ትከሻ ላይ አሻግሬ ግቢውን አያለሁ። ተርስታንን ከወህኒው አውጥተው ወደ አዳራሹ ሲያስገቡት አየሁ። ከስቷል፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። ያን የመሰለ እጅ ሰንሰለት ከብዶት ተንጠልጥሏል።

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጥሩንባዬን አነሣሁና ኡኡታውን ነፋሁ።

ኡኡታ በንጉሡ ሕግ ቀልድ አይደለም፤ የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ መሮጥ አለበት፤ ያልሮጠ ይቀጣል። ነፋሁ፤ ደግሜ ነፋሁ፤ ዘበኛው በጦሩ ዘንግ ጎኔን ሲለኝም አላቆምኩም። ከገበያው ዓሣ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ መጣ፤ አንጥረኛው መዶሻውን ይዞ፣ መነኩሴው ቀሚሱን ሰብስቦ፣ አንዲት ሴት ላባው እስከ ግማሽ የተነጨ ዝይ በእጇ። "ማን ነው የተገደለው? የት ነው?" ይላል ሰው ሁሉ። ዘበኛውን ጥሰውት ግቢውን ሞሉት፤ እኔም በመሐላቸው ተጠቅልዬ ገባሁ። ሁለት ወታደሮች አንገቴን አንቀው እየጎተቱ ከዳኛው ፊት ጣሉኝ።

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀይ ካባ ደርበዋል፣ አፍንጫቸው ብርድ በልቶታል። ከጸሐፊያቸው ጋር በፈረንሳይኛ ተንሾካሾኩ፤ ከእኛ ጋር ሲሆን ቋንቋችንን እንደ ትኩስ ገንፎ በአፋቸው ያገላብጡታል።

"ኡኡታውን የነፋኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ። ሃሞ እባላለሁ፤ የኤልምቢ መስክ ጠባቂ ነኝ።"

"ሰው ተገድሏል?"

"ሊገደል ነው ጌታዬ።"

"የት?"

"እዚህ ነው ጌታዬ።"

ሰርሎ መሬት መሬት ያያል፤ ከአፉ የሚወጣው ቃል ገና ከንፈሩ ላይ ነበር። ዳኛው እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው እያሞቁ፣ ተናገር አሉኝ። መጽሐፉን አስያዙኝ፤ ማልኩ፤ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ አጥሩ አጥብቀው ጠየቁኝ፤ ቁመቱ ስንት ነው፣ ከምን ተሠራ፣ ሰው ዘሎት ያልፋል ወይ አሉ። እኔ ነኝ የሠራሁት ጌታዬ፣ በዘጠኝ ዓመት ኮርማ አልዘለለውም አልኳቸው። አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

"ቆመህ ስታይ ለምን አልከፈትክም?"

"ላሜ አብራኝ ነበረች።"

አሁን አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ከኋላ በኩል አንዲት ሴት ስትናገር ተሰማች። የዋሪን እናት ማቢል ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከዋሪን ሌላ ልጅ የሌላት። አልጮኸችም። "ልጄ ክፉ ነበር" አለች። "እኔ ወልጄዋለሁ፤ እናንተ አትነግሩኝም። ግን ያን እሾህ ብታነሣው ኖሮ ሃሞ፣ ክፉ ሆኖ ይኖርልኝ ነበር።"

ልጆቼ፣ ዘበኛው ጎኔን ሲመታኝ አላመመኝም፤ ይህ ግን አመመኝ።

ዳኛው እጃቸውን ከምድጃው መለሱ። ከዚያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቀላል ነገር እንደሚጠይቅ ሰው። "ተከሳሹ አንተ እዚያ እንዳለህ ያውቅ ነበር? ለእርዳታ ሊጠራህ ይችል ነበር?"

"አያውቅም ጌታዬ። አኻያው ሸፍኖኝ ነበር። አላየኝም።"

"በያዝከው መጽሐፍ?"

"በያዝኩት መጽሐፍ።"

ወደ አሥራ ሁለቱ ዞረው፣ እንግዲህ ከጀርባው ምን ነበር አሉ። ሰርሎ ተነሣ። ባርኔጣውን በእጁ እያጣመመ፣ ስለ ቀድሞው ቃላችን የሚገባንን ቅጣት እንቀበላለን አለ፤ ቀጥሎም ጮክ ብሎ "ከጀርባው እሾህ ነበር ጌታዬ፤ መውጫ አልነበረውም" አለ። አንዱ እንኳ ከአሥራ ሁለቱ አላንገራገረም። ድልድዩ ላይ ቢገፋኝም ሰርሎን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደድኩት።

ተርስታን ወደ ንጉሡ ምሕረት ተመራ፤ ደብዳቤው እስኪመጣ እስር ቤት ይቆያል ተባለ። እኔም ለመርማሪው ነገር አድበስብሼ፣ ያለ አዲስ ሬሳ ኡኡታ ነፍቼ ከተማ በማወኬ እዚያው እንድገባ ታዘዘ። ጥሩንባውን ከአንገቴ አወለቁት፤ ክሩን በቢላዋ ቆረጡት። ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩት ነው፤ አንገቴ ቀለለኝና ደነገጥኩ።

ወህኒው ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው፤ ከላይ አንዲት ቀጭን መስኮት አለችው፤ የቀኑ ብርሃን እንደ ዱላ ገብታ ገለባው ላይ ትጋደማለች። ተርስታን እዚያ ተቀምጧል። አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ደረቅ ገለባውን ወደ እኔ ገፋ። ቤት ከዳኝ ነዋ፤ ገለባ ያውቃል። ልብሴን አውልቄ እንድጨምቅ አዘዘኝ፤ የራሱን ብጣሽ ካባ አለበሰኝ። ጉኒልድ ወንድ ልጅ መውለዷን፣ ልጁ ጆሮው እንደ እሱ ወጣ ያለ መሆኑን ነገርኩት፤ ሳቀ። እኔ ይቅርታ ልጠይቀው ቃል እፈልጋለሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር ለካ።

"ሃሞ" አለኝ። "ቡሬን አየኋት።"

አልገባኝም።

"ዞር ብዬ መዝጊያውን ሳይ በእሾሁ መሐል ቡሬን አየኋት። ያቺ ቀንደ ቆልማማ ላም ብቻዋን እዚያ አትገባም። አንተ እንዳለህ አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?" አልኩት።

ብርሃኗን በጣቱ ነካ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አለኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ዋሪን ሲያርስብኝ ማታ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ጣሪያዬ ውስጥ ያለውን ገለባ አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። ያን ጠዋት ሲያሳድደኝ ፈርቼ ነው የሸሸሁት፤ በእግዚአብሔር ፊት ፈርቼ ነው። ግን እየሸሸሁ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ እሾሁ ጋ ከደረስኩ ሕጉ የእኔ ነው የሚል።

"ጀርባዬን ሲወጋኝ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ?" አለኝ። "ደስ አለኝ፣ ሃሞ። 'ሃሞ፣ ክፈት' ማለት ሁለት ቃል ነበር። ብጠራህ ትከፍት ነበር አይደል?"

ለመዋሸት ፈለግሁ። "እኔ እንጃ፣ ፈሪ ነኝ" ልለው ፈለግሁ። ግን ሰው ስሜን ጠርቶ ሲለምነኝ ተቀምጬ አላውቅም። "እከፍት ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ሰባት ወር ስምህን ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። ለመርማሪው ስምህን ብጠራ ኖሮ ዳኛው 'ሃሞ እዚያ እያለ ለምን አልጠራኸውም' ይለኝ ነበር፤ ማቢልም ትሰማ ነበር።"

እንግዲህ ተመልከቱ። የማልኩት መሐላ ውሸት ሆኖ ተገኘ። አውቄ አልዋሸሁም፤ ግን መጽሐፉን ይዤ ያልሆነውን ተናግሬያለሁ፤ የሰውየውን አንገት ያተረፈውም ያ ቃል ነው። ወደ ዳኛው ልመለስ? ይጠራኝ ብዬ በሩን ልደብድብ? የምነፋው ጥሩንባ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝስ እነፋ ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ሙሉ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ሕጉ ሽሽ አለው፤ ሸሸ። እስከ መጨረሻው ሸሸ። አንድ ጊዜ ብቻ መታ፤ የመታውም ገጀራ በላዩ ሲወርድ ነው። ሕጉ ከዚህ በላይ ምን ይጠይቀው? እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ አላውቅም። የማውቀው፣ ያን ቀን ከጎኑ ተቀምጬ እጁን እንደያዝኩት ነው።

እኔን ከፋሲካ በፊት ለቀቁኝ፤ ለእሱ የንጉሡ ደብዳቤ ማኅተሙ ተንጠልጥሎበት ከፋሲካ በኋላ መጣለት። አልዲት ደጃፉ ላይ ተቀበለችኝ፤ ትኩስ አይብ አቀረበች። የመስክ ጠባቂነቱ ለሰርሎ የእህት ልጅ ተሰጠ፤ ደህና ሰው ነው፣ ግን ጠዋት መነሣት አይወድም። ስለዚህ መዝጊያውን የማንሣቱን ነገር ለእኛ ተወልን።

በየዓመቱ በአዲሱ ዳቦ በዓል፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እኔና ተርስታን አብረን ወደ መስኩ እንወርዳለን። እሱ አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን። ብቻዬንም እችለዋለሁ፤ ግን አልነግረውም። መጀመሪያ የምትደርሰው ሁልጊዜ ማቢል ናት፤ ላሟን እየነዳች፣ ምርኩዟን ተደግፋ ቅዳሴ ሳይጀመር ትመጣለች። የዋሪንን ማሳ ተርስታን ነው የሚያርስላት፤ ሦስቱን ፈር እዚያው ተወላት። ላሟ ከቅዳሴ በፊት ትገባለች፤ እኔም ዝም እላለሁ፤ አዲሱ ጠባቂም ዝም ይላል።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች። የተነሣውን መዝጊያ ታየዋለች፤ ቀጥላ እኛን ታየናለች፤ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እሱን። በየዓመቱ የምትለን አንድ ናት።

"ዘንድሮስ በጊዜ ከፈታችሁት" ትለናለች፤ ላሟንም መታ አድርጋ ታልፋለች።